በብብት የሞቀ አመድ

በሩ ሲከፈት ከሰዎቹ በፊት ያየሁት ግድግዳውን ነው። የሙያ በሽታ ነው፤ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ የተሰሰተበት፣ በጥፍር ሲነኩት የሚረግፍ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ስለነበር የማሽላ ብናኝ ሽታ አልለቀቀውም፤ በዚያ ላይ የብዙ ወንዶች ላብ ተጨምሮበታል። ከጣሪያው ስር ካለችው ጠባብ መስኮት የሚገባው ብርሃን ወለሉን ለሁለት ከፍሎታል። ሰዎቹ በሁለቱም በኩል ግድግዳ ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ።

"እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጫማህን አውልቅና ግባ" አለኝ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ትከሻው ሰፊ ሰው። የክፍሉ ካቦ እሱ ነበር፤ የወልድያ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር። "በምን መጣህ?"

"በአመድ።"

"በምን አልክ?"

"በአመድ ነው የያዙኝ። የማሽላ ገለባ አመድ ይዤ።"

ከጥግ አንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁም ክፍሉን ዞረው። "እኛስ የሠራነውን አናውቅም ነበር፤ አንተ ግን የለየልህ አመድ አፋሽ ነህ" አለ ካቦው። እኔም ሳቅሁ። ከተያዝኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ነገሩ እውነት ነው። ወልድያ ውስጥ ባለው ዩኒቨርሲቲ በማቴሪያል ሳይንስ ትምህርት ክፍል አስተምራለሁ። ሥራችን ነገሮች ለምን እንደሚጠነክሩና ለምን እንደሚሰበሩ ማጥናት ነው። የማስተርስ ጥናቷን የማማክራት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ የማሽላን ገለባ በልኩ አቃጥሎ አመዱን ለግንባታ ስለማዋል ነው የምታጠናው። የመርሳ ወረዳ ሐብሩ ደግሞ የማሽላ አገር ነው። በመርሳ አቅራቢያ ካለ አንድ አውድማ ገለባ ለመንን፣ በበርሜል አቃጠልን፣ የመፍጫ ማሽናችን ተበላሽቶ ስለነበር እሷ በሙቀጫ ወቀጠችው፣ በላስቲክ አሽገን ቁጥር ለጠፍንበት። ሥራው ሲያልቅ እሷ እናቷን ልትጠይቅ ሐራ ሄደች። እኔ ላስቲኮቹን ይዤ ወደ ወልድያ ስነሣ የመርሳ መውጫ ላይ ያለው ኬላ አስቆመኝ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ተማሪዬ ቢሆን አይደንቀኝም ነበር። ከላስቲኮቹ አንዱን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ ያየዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አመድ ነው።"

"አመድ በላስቲክ አሽጎ፣ ቁጥር ለጥፎ የሚዞር ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አልኩ። ከራሴ በቀር እውነትም አላውቅም።

"ፈንጂ የሚሠራበት ዱቄትም እንዲህ ነው የሚመስለው።" ላስቲኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "አውድማው ላይ ሁለት ሆናችሁ ታይታችኋል፤ አብራህ የነበረችው ሴት ማን ናት?"

"ተማሪዬ ናት።"

"ስሟና ያለችበት?"

ላስቲኩ ላይ የለጠፍነውን ቁጥር አየሁ።

"እሷን ለብቻዋ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃታለን። ቃላችሁ ከገጠመ ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።"

በዚያ ሰሞን ስልክ አይሠራም፤ ግቢያችንም ተዘግቶ ተማሪው ተበትኗል። ስሟን ከእኔ በቀር የሚነግረው አልነበረም። ልናገር ምንም አልቀረኝም፤ ያላጠፋች ልጅ ምን ትሆናለች ብዬ አስቤ ነበር። ግን ወደ ቢሮው ሲያስገቡኝ ከግቢው ማዶ የሴቶቹን ክፍል አይቻለሁ። በአጥሩ ሽቦ በኩል እናቶች ስንቅ ያቀብላሉ፤ አንዷ ለዘበኛው "ኧረ ልጄን ለአንድ ጥያቄ ነው ያላችሁኝ" ትላለች፤ የስንቅ አያያዟ ግን ለብዙ ጊዜ ስታመላልስ እንደኖረች ያስታውቅ ነበር። ስሟን አልነገርኩትም።

ይህን ሁሉ ለካቦው ስነግረው አቋረጠኝ። "ስሟን እዚህም እንዳትጠራው" አለኝ። "የማናውቀውን ማንም ከአፋችን ሊያወጣ አይችልም።" ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ "ልጅቱ" ተባለች።

ክፍሉ አንድ ሥርዓት ነበረው። ከምሳ በኋላ፣ የመስኮቷ ብርሃን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሲጠጋ፣ ተራ የደረሰው ሰው ሥራውን ያስተምራል። ካቦው የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚያዝ አስተምሯል። አንድ ልብስ ሰፊ ኮት ሳይለካ በዓይን እንዴት እንደሚቆረጥ አሳይቷል። አዲስ ሰው ከመጣ ቅድሚያው የእሱ ነው። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሐብሩ ገበሬ፣ ልጃቸው የት እንደገባ አልናገር ብለው የተያዙ። እጃቸውን አየሁት። ከጣታቸው እስከ ክንዳቸው በቀጫጭን ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

"አባባ፣ እጅዎን ምን ቆረጠው?"

"ማሽላ ነዋ! የማሽላ ቅጠል። እድሜዬን ሙሉ ሳጭድ።"

"ቅጠል ለምን ይቆርጣል? የጎመን ቅጠል አይቆርጥ።"

"እኔ እንጃ ልጄ፤ ሲፈጥረው ነው እንጂ።"

ነገርኳቸው። ውሃ በመሬት ውስጥ ሲያልፍ ከድንጋዩና ከአሸዋው እጅግ ጥቂቱን ያሟሟል፤ ዓይን አያየውም። ማሽላው ያንን ውሃ በሥሩ ይስባል፣ ውሃው በቅጠሉ ይተናል፣ የሟሟው ድንጋይ ግን እዚያው ይቀራል። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ይሰበሰብና ልክ እንደ መስታወት ይሆናል። እጃቸውን የቆረጠው እሱ ነው። ገለባውን በልኩ ስናቃጥለው ሌላው ሁሉ ጭስ ሆኖ ሲሄድ መስታወቱ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ያንን አመድ ከኖራና ከውሃ ጋር ቢያዋህዱት ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ እንኳ ቢከቱት አይፈርስም።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አገላብጠው አዩት።

"መስታወት? ማሽላዬ ውስጥ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው። "ድንጋዩን ጠጥቶ ነዋ የሚያድገው!"

ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አንድም ቀን እንዲያ ዝም ያለ ክፍል አላጋጠመኝም፤ እኔንም እንዲያ የደነቀኝ ቀን የለም። ስናገረው ለራሴም አዲስ ሆነብኝ።

በማግስቱ መርማሪው ሲጠራኝ አንድ ነገር ለመንኩት። ዱቄቱን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ እንደሚልከው፣ መቼ እንደሚመለስ ግን እንደማያውቅ ነግሮኝ ነበር። "ከራሱ ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ይስጡኝ" አልኩት። "የቢሮውን ግድግዳ ሊቀቡበት ካመጡት ኖራ ጥቂት። ሁለት ባዶ የሳልሳ ጣሳ። ድንጋይ ሆኖ ያዩታል። ፈንጂ ድንጋይ አይሆንም።"

"ለምን ሁለት ጣሳ?"

"በአንዱ ኖራ ብቻ አደርጋለሁ። ያለ አመዱ ምን እንደሚሆን ካላሳየሁ ምኑን አስረዳሁዎት?"

ትኩር ብሎ አየኝ። ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። "ለስብሰባ ወልድያ ልወጣ ነው" አለኝ። "ስመለስ አሳየኝ። ካልሆነልህ ግን ስሟን ትነግረኛለህ።"

"ከሆነልኝስ?"

"እናያለን።"

እሺም እምቢም አላልኩም፤ ጣሳዎቹን ይዤ ገባሁ።

ከእፍኙ ግማሹን ብቻ አቦካሁት። ናሙና አይጨረስም፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ጣሳዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ጥጋችን ላይ አስቀመጥኳቸው። እርጥበቱ እንዳይጠፋ ጨርቁን በየጊዜው ውሃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል፤ ካቦው ከሚጠጣው ላይ ይቀንስለት ነበር። ሰዎቹ ከእንቅልፍ ሲነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ሆነ። "መምህር፣ ልጅቱስ?" ይሉኛል። ጣሳውን ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን ሌላ መርማሪ ለጥያቄ ጠርቶኝ ስመለስ ጣሳዎቹ ቦታቸው ላይ የሉም። ቀና ስል መስኮቷ ላይ ናቸው፤ ጨርቁ ተነሥቶላቸው የመርሳ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብሎ ያርፍባቸዋል። ሽማግሌው ከሥር ቆመው ፈገግ ይላሉ።

"ጨርቁ አፍኖት ነዋ የዘገየ!" አሉኝ። "ጭቃ በፀሐይ ነው የሚደርቅ። ሰውየው ሳይመለስ ቶሎ እንዲደርስልህ ብዬ አወጣሁት።"

አወረድኩት። ፊቱ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ረገፈ። ድንጋይ የሚያደርገው መድረቁ አልነበረም። ውሃው ከውስጡ መሄድ የለበትም፤ ከአመዱና ከኖራው ጋር ተዋህዶ እሱም ድንጋይ መሆን አለበት። ያንን ለክፍሉ ሁሉ ሳስረዳ እሳቸው በስግደት ላይ ነበሩ መሰለኝ፤ ወይም እኔ በቅጡ አላስረዳሁም።

መናደዴን አልደብቅም። ግን ምን እላቸዋለሁ? እድሜያቸውን ሙሉ ጡብ የመቱት፣ ቤት የመረጉት በፀሐይ ነው። ከፊቴ ላይ ነገሩን አነበቡት።

"አበላሸሁት?"

"ግማሽ አመድ ቀርቶኛል፣ አባባ። ችግሩ ጊዜው ነው። እንደገና ከተጀመረ ሰውየው ሳይመለስ ላይጠነክር ይችላል።"

"ቶሎ እንዲጠነክር የሚያረገው ምንድን ነው?"

"ሙቀት። እርጥበቱ ሳይለቀው ሙቀት ቢያገኝ ይፈጥናል። በቤተ ሙከራ ለዚህ የምንጠቀምበት ማሞቂያ አለን። እዚህ ግን..."

አላስጨረሱኝም። "አቡካው" አሉኝ።

አቦካሁት። ኖራ ብቻ ያለበትንም እንደገና ሠራሁ። ካቦው የዳቦ ላስቲክ አምጥቶ የጣሳዎቹን አፍ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ሽማግሌው ሁለቱንም ተቀበሉኝ፤ ቢስሚላህ ብለው አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ ብብታቸው ሥር አደረጉ፤ ጋቢያቸውን ደረቡበት፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ሲደክማቸው ልብስ ሰፊው ወሰደ። ከዚያ ካቦው። ከዚያ ሌላው፤ ቀንም ሌሊትም እንዲሁ። ማንም ተራ አላወጣላቸውም። አንዱ "አምጣ እስኪ" ይላል፣ ይቀበላል፣ ልብሱን ገልጦ ሆዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ለመመገብ ሲቀመጡ እንኳ የያዘው ሰው በአንድ እጁ ነው የሚበላው፤ ሌሎቹ ያጎርሱታል። አንዱ ወጣት ትኩሳት ይዞት ነበር፤ "እኔ ከሁላችሁም ትኩስ ነኝ፣ ለኔ ስጡኝ" ሲል ሳቁበት፤ ቢሆንም ሰጡት። እኔ ዳር ተቀምጬ አያለሁ። በትምህርት ክፍላችን አንድ ናሙና ከማሽን ገብቶ ይሰበራል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ስባሪው ይጣላል። እንደዚህ ተከብሮ የተያዘ ናሙና አይቼ አላውቅም። ስሟን ለማያውቋት ልጅ ነበር። አንድም ሰው ስሟን ጠይቆኝ አያውቅም።

መርማሪው ሲመለስ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጠራኝ። ሳፋ ሙሉ ውሃ አስመጣሁ። በክፍላችን በር ፍርግርግ በኩል ሰዎቹ ተደራርበው ያያሉ፤ ዘበኛው ሊያርቃቸው ሞክሮ ተወው፤ እሱም ማየት ፈልጓል። ሙቀቱ በቂ እንደነበር የለካሁት ነገር የለም።

መጀመሪያ ኖራ ብቻ የሆነውን ከጣሳው አውጥቼ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጠርዙ መንሸራተት ጀመረ፣ ተንኮታኮተ፣ ውሃው ወተት መሰለ። አመድ የገባበትን ከጎኑ አስቀመጥኩ። ከወተቱ መሃል ግራጫ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠበቅን። አንድ ፍንጣሪ እንኳ አልለቀቀም። አውጥቼ ሰጠሁት። መርማሪው በመኪና ቁልፉ ፋቀው፣ ቀጭን መስመር ብቻ ወጣበት። ከደረቱ ከፍታ መሬት ላይ ለቀቀው፣ እንዳለ ነጥሮ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ አነሣው። ለአፍታ መርማሪነቱ ከፊቱ ጠፋ፤ ከክፍል በኋላ ቀርቶ የሚጠይቅ ተማሪ መሰለ።

"ይሄ... ከገለባ?"

"ከገለባ።"

ከበሩ ፍርግርግ ጀርባ "አላሁ አክበር!" የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ፤ ካቦው ደግሞ "ስለ እግዚአብሔር፣ ዝም በሉ አባባ" ይላል፤ እሱ ራሱ ግን እያጨበጨበ ነበር።

ይህን ውጤት በወረቀት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ግራፍ አውጥቼለታለሁ፤ ጉባኤ ላይ አቅርቤዋለሁ። ግን ውሃ ውስጥ ቆሞ አልፈርስም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፈርኩበትም።

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "በቃ፣ አመድ ነው" አለ። "አምኛለሁ። አሁን ስሟን ንገረኝና ፋይሉን ልዝጋው። ዛሬውኑ ትወጣለህ።"

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። "አመድ መሆኑን አይተዋል" አልኩት። "ከዚህ በኋላ ስሟ ለምን ይጠቅማል?"

"ለፋይሉ። ሁለት ሰው ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ሰው ነው ያለው።"

ከግቢው በር ውጭ የመርሳ ገበያ ይሰማኛል፤ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የወልድያ ረዳት "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" እያለ ሲጣራ። አንድ ወንበር ቀርቶታል ማለት ነው። ባለቤቴና ልጆቼ በዚያ መንገድ መጨረሻ ላይ ናቸው። ልቤ ሄደ። እግሬ ግን እዚያው ነበር።

"እንግዲያውስ ፋይሉ ክፍት ይሁን" አልኩት።

ቁጣ ጠበቅሁ። አልተቆጣም፤ ድንጋዩን በመዳፉ ሲያገላብጥ ቆየ። "ይሄን ግን እኔ ልያዘው" አለኝ።

"የኔ ቢሆን እሰጥዎት ነበር። ባለቤቶቹ ውስጥ ናቸው።" እጄን ዘረጋሁ። አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ዘበኛው ሳይገፋኝ በራሴ ወደ በሩ ሄድኩና እስኪከፍትልኝ ጠበቅሁ።

ስገባ ተነሥተው ቆሙ። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ሽማግሌው ጋ ደረሰ። ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት።

"ምነው ቀዘቀዘ!" አሉና መልሰው ብብታቸው ሥር ከተቱት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ሲፈቱንም ከሌሎች ጋር ተቀላቅለን፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ነው። ሽማግሌው ከእኛ ቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ተወስደው ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። መርሳ በሄድኩ ቁጥር አጠያይቃለሁ፤ እስካሁን ያየሁት ማሽላቸውን ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አጭዶታል።

ግቢው ሲከፈት ተማሪዬ ቢሮዬ መጣች። ቆማ ነው የጠየቀችኝ።

"ስሜን ጠይቀውዎት ነበር እንዴ?"

"ጠይቀው ነበር።"

"ምን አሏቸው?"

"አልመጣልኝም አልኳቸው።"

"ክፍሉን ሙሉ በስም የሚጠሩ ሰው!" ብላ ሳቀች። እንድትቀመጥ ነገርኳትና ስለ ጣሳዎቹ፣ ስለ ብብቱና ስለ ሆዱ፣ ስላጎረሱት ሰው አወራኋት። መሃል ላይ ሳቋ ቆመ። ሳልጨርስ ተነሥታ ወጣች፤ አልተከተልኳትም።

በቅርቡ ጥናቷን ተከላከለች። አዳራሹ ውስጥ እናቷ ከሐራ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ የሚባለው ባይገባቸውም ከልጃቸው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከፈታኞቹ አንዱ ሠንጠረዧን እያየ ጠየቃት፦ "ናሙናዎችሽን በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው ያቆየሻቸው። ሌሎች አጥኚዎች ከዚህ ከፍ ያለ ሙቀት ነው የሚጠቀሙት። ለምን ይህን መረጥሽ?"

ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጠረጴዛው አየሁ።

"ማሞቂያ በሌለበት ቦታ ሰው ሊሰጥ የሚችለው ሙቀት እሱ ስለሆነ ነው" አለች።

ፈታኙ ጥቂት አሰበና "ጥሩ ምክንያት ነው" ብሎ ገጽ ገለጠ። ሲያበቃ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ውጤቱን አንተው ንገራት አለኝ። ተነሣሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ፣ ጮክ ብዬ ጠራሁት።